አበረታች ቅመሞች በፈረስ ስፖርት

አበረታች ቅመሞች በፈረስ ስፖርት ሲባል፣ በውድድር ለሚሳተፍ ፈረስ ወይም ለጋላቢው በደንብ የተከለከለ መድኃኒት፣ ንጥረ ነገር ወይም የሕክምና ዘዴ መጠቀም ማለት ነው። ድርጊቱ በብዙ ቋንቋዎች «ዶፒንግ» ይባላል። ይህን ለመከላከል ከፈረሱ ሽንት፣ ደም ወይም ፀጉር ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ የመድኃኒት ቁጥጥር ይባላል።

ጉዳዩ ከሌሎች ስፖርቶች የሚለይበት ምክንያት አለ። በሩጫ ወይም በብስክሌት ቅመሙን የሚወስደውም፣ የሚወዳደረውም፣ የሚቀጣውም አንድ ሰው ነው። በፈረስ ስፖርት ግን ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ መናገር አይችልም። ፈረሱ ምን እንደተሰጠው አያውቅም፤ እምቢ ሊል አይችልም፤ ሲያመውም አመመኝ አይልም። በዚህ የተነሳ ደንቦቹ ሁለት ዓላማ አላቸው፦ ውድድሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ማድረግ እና ፈረሱን ከጉዳት መጠበቅ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስያሜው

«አበረታች ቅመም» የሚለው የአማርኛ ስያሜ የተለመደው በአትሌቲክስ ነው። በፈረስ ስፖርት ግን ስያሜው ሁልጊዜ አይገጥምም። ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹ ፈረሱን አያበረቱም። አንዳንዶቹ ያረጋጉታል፤ አንዳንዶቹ ሕመሙን ይሸፍኑበታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሆን ተብሎ ሕመም እንዲሰማው ያደርጉታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «አበረታች ቅመም» የሚለው ቃል በደንብ የተከለከለን ማንኛውንም ንጥረ ነገር ያመለክታል።

አስተዳዳሪ አካላት

የመሰናክል ዝላይን፣ ድሬሳዥን (ፈረሱ በጋላቢው ትእዛዝ ልዩ ልዩ እንቅስቃሴዎችን የሚያሳይበት ውድድር)፣ ኢቨንቲንግን (ሦስት ውድድሮችን ያጣመረ) እና የረጅም ርቀት ግልቢያን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስተዳድረው በ1921 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ነው። መቀመጫው በስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ ሲሆን ኤፍ.ኢ.አይ. በሚለው ምህጻረ ቃል ይታወቃል።

የፈረስ እሽቅድምድም ከዚህ የተለየ አስተዳደር አለው። እያንዳንዱ አገር የራሱ የእሽቅድምድም ባለሥልጣን ስላለው ደንቦቹም ከአገር አገር ይለያያሉ። ለምሳሌ በፈረሱ ሳንባ ውስጥ የሚከሰተውን መድማት ለመቀነስ የሚሰጠው ፉሮሴማይድ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት በውድድር ቀን ጭምር ሲፈቀድ ቆይቷል፤ በአውሮፓ ግን በውድድር ቀን አይፈቀድም።

ጋላቢዎቹ እንደ ማንኛውም አትሌት በዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) ደንብ ይመረመራሉ። ለፈረሶቹ ግን ፌዴሬሽኑ ለብቻው የተዘጋጀ ደንብና የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር አለው። በአንድ ውድድር ላይ ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ቡናን መውሰድ ይቻላል። ካፌይን ከ2004 ጀምሮ ለሰው አትሌቶች ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ስለወጣ ጋላቢው ከውድድሩ በፊት ቡና ቢጠጣ ጥፋት የለበትም። በፈረሱ ናሙና ውስጥ ካፌይን ቢገኝ ግን የደንብ ጥሰት ነው።

ታሪክ

ለፈረስ ቅመም መስጠት ዘመናዊው ስፖርት ከመደራጀቱም በፊት የነበረ ልማድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በእንግሊዝ የእሽቅድምድም ሜዳዎች ኮኬይንና ሌሎች አነቃቂዎች በሰፊው ይሰጡ ነበር። ጆርጅ ላምተን የተባለው አሰልጣኝ የጉዳዩን አሳሳቢነት ለማሳየት፣ አስቀድሞ ለጆኪ ክለብ ሰዎች አሳውቆ፣ ከራሱ ፈረሶች ለደካሞቹ ቅመሙን ሰጣቸው። ከዚያ በፊት ብዙም ውጤት ያልነበራቸው ፈረሶች ማሸነፍ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ጆኪ ክለብ ድርጊቱን ከለከለ።

ክልከላው ግን ያለ ምርመራ ብዙ ትርጉም አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ የላቦራቶሪ ምርመራዎች የተደረጉት በ1910 እና 1911 በኦስትሪያ ሲሆን የተመረመረውም የፈረሱ ምራቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ምራቁ ቀርቶ ሽንትና ደም ዋና ናሙናዎች ሆኑ።

በ1968 በአሜሪካ ታዋቂው የኬንታኪ ደርቢ ዳንሰርስ ኢሜጅ የተባለ ፈረስ አንደኛ ወጣ። በሽንቱ ውስጥ ፌኒልቡታዞን የተባለ የሕመም ማስታገሻ በመገኘቱ ግን አሸናፊነቱ ተነጥቆ ለሁለተኛው ለፎርዋርድ ፓስ ተሰጠ። የሕግ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። በዚህ ውድድር ታሪክ በመድኃኒት ምክንያት ድሉን ያጣ የመጀመሪያው ፈረስ ይኸው ነው።

የቅመሞቹ ዓይነቶች

በፌዴሬሽኑ ደንብ ለፈረሶች የተከለከሉት ንጥረ ነገሮች በሁለት ትላልቅ ክፍሎች ይመደባሉ።

የመጀመሪያው ክፍል «የታገዱ ንጥረ ነገሮች» ይባላል። እነዚህ ለውድድር ፈረስ ሕክምና ተገቢ አገልግሎት የላቸውም ተብለው የሚታመኑ ናቸው። ጡንቻን የሚያዳብሩ አናቦሊክ ስቴሮይዶች፣ ለሰው የአእምሮ ሕመም የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች እና የቀይ ደም ሴሎችን ብዛት የሚጨምሩ ንጥረ ነገሮች በዚህ ክፍል ይገኛሉ።

ሁለተኛው ክፍል «ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች» ይባላል። እነዚህ የእንስሳት ሐኪሞች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። በልምምድ ወቅት ለታመመ ፈረስ መስጠት ይፈቀዳል፤ በውድድር ጊዜ ግን በፈረሱ ሰውነት ውስጥ መገኘት የለባቸውም። ፌኒልቡታዞን፣ ፍሉኒክሲን እና ቤታሜታዞን ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

በሚሰጡበት ዓላማ ሲታዩ ደግሞ የሚከተሉት ዓይነቶች ይገኛሉ፦

አነቃቂዎች፦ ፈረሱ ድካም ሳይሰማው እንዲሮጥ ያደርጋሉ።

አረጋጊዎች፦ በድሬሳዥና በዝላይ ጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም በሕዝቡ ጩኸት የሚበረግግ ፈረስ ነጥብ ያስጥላል።

የሕመም ማስታገሻዎች፦ የሚያነክስን ፈረስ ጤነኛ ያስመስላሉ።

ስሜትን የሚያባብሱ፦ በእግር ቆዳ ላይ ሲቀቡ ቆዳው ይቆጣል። ፈረሱ የመሰናክሉን አግዳሚ እንጨት በነካ ቁጥር ስለሚያመው እግሩን ከፍ አድርጎ ይዘላል።

አልካላይ መጠጦች፦ ለቤት መጋገሪያ የሚውለው ሶዳ በውኃና በስኳር ተበጥብጦ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ወደ ፈረሱ ሆድ ይገባል። ዓላማው በሩጫ ጊዜ በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ መቀነስ ነው። ይህን ለመቆጣጠር በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፤ ወሰኑም በአንድ ሊትር የደም ፕላዝማ 36 ሚሊሞል ነው።

የሚያድን መድኃኒት ለምን ይከለከላል?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ፈረሱ ከታመመ ማስታገሻ ቢሰጠው ምን ክፋት አለው?

መልሱ ያለው በሕመም ተግባር ላይ ነው። ሕመም ጉዳት የደረሰበት አካል እንዳይሠራ የሚያግድ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ቶን የሚመዝን ፈረስ ከዝላይ ሲያርፍ ክብደቱ በቀጫጭን የፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል። ጅማቱ የተጎዳ ፈረስ ሕመሙ ከተሰማው ያነክሳል፤ ይቆማል፤ ወይም መዝለል እምቢ ይላል። ማስታገሻ ከተሰጠው ግን የተጎዳውን እግር እንደ ጤነኛ ይረግጥበታል። ትንሽ የነበረው ስንጥቅ ሙሉ ስብራት ሊሆን ይችላል። በእግር አጥንት ላይ የሚደርስ ከባድ ስብራት ደግሞ ለፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ሞት ነው። አደጋው ጋላቢውንም ያሰጋል።

በዚህ ጉዳይ በስፖርቱ ውስጥ ትልቅ ክርክር የተነሣው በ2009 ነበር። በዚያ ዓመት የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ በኮፐንሃገን ተሰብስቦ ፌኒልቡታዞንን ጨምሮ የተወሰኑ ማስታገሻዎች በአነስተኛ መጠን እንዲፈቀዱ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ወሰነ። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞችና ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ተቃወሙ። ውሳኔውም ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ ክልከላው ጸና።

ናሙና አወሳሰድ

በውድድር ላይ ለምርመራ የሚመረጡት ፈረሶች አሸናፊዎች፣ በዕጣ የወጡ ወይም ጥርጣሬ ያለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የተመረጠው ፈረስ ውድድሩን እንደጨረሰ ከኃላፊ ጋር ወደ ምርመራ ጋጥ ይወሰዳል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የፈረሱ ወገን የሆነ ሰው አብሮት ሆኖ ሂደቱን ይከታተላል።

በጋጡ ውስጥ ንጹሕ ገለባ ይነጠፋል። ብዙ ፈረሶች ትኩስ ገለባ ሲረግጡና ሲፉጨትላቸው መሽናት ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ ናሙና ሰብሳቢው እያፏጨ ረጅም እጀታ ባለው ዕቃ ሽንቱን ይቀበላል። ፈረሱ አልሸናም ካለ ደም ብቻ ይወሰዳል። ደሙ የሚቀዳው ከአንገት ደም ሥር ነው።

እያንዳንዱ ናሙና «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ጠርሙሶቹ ይታሸጋሉ፤ የፈረሱ ስም ሳይሆን የመለያ ቁጥር ብቻ ይለጠፍባቸዋል። የላቦራቶሪው ሠራተኛ የማንን ፈረስ እንደሚመረምር አያውቅም። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ማን እንደተቀበለውና መቼ እንደሆነ ይመዘገባል። ይህ መዝገብ ከተበላሸ ውጤቱ በዳኞች ፊት ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

በላቦራቶሪ የሚሆነው

መጀመሪያ «ሀ» ናሙና ይመረመራል። ዋናው መሣሪያ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተባሉትን ሁለት ዘዴዎች ያጣምራል። የመጀመሪያው በናሙናው ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች አንዱን ከሌላው ይለያል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ሰባብሮ የስብርባሪዎቹን ክብደት ይለካል። የስብርባሪዎቹ ክብደት ለንጥረ ነገሩ እንደ ጣት አሻራ ነው። የተከለከለ ነገር ከተገኘ የፈረሱ ወገን «ለ» ናሙና እንዲመረመር የመጠየቅ መብት አለው። በእሽቅድምድም ደግሞ ከፀጉር የሚወሰድ ናሙና ከወራት በፊት የተሰጡ ስቴሮይዶችን ለማወቅ ይረዳል።

የእንስሳት ሐኪሞች ሁለት ጊዜያትን ለይተው ማወቅ አለባቸው። አንደኛው «የመታያ ጊዜ» ነው። ይህም መድኃኒቱ በሙከራ ፈረሶች ሰውነት ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደታየ የሚገልጽ ሲሆን ፌዴሬሽኑ ለአንዳንድ መድኃኒቶች ያሳትመዋል። ለፌኒልቡታዞን 7 ቀን ነው። ሁለተኛው «የመታቀቢያ ጊዜ» ነው። ሙከራው የሚደረገው በጥቂት ፈረሶች ላይ ስለሆነና የፈረሶች ሰውነት ስለሚለያይ፣ ሐኪሙ በመታያው ጊዜ ላይ የጥንቃቄ ቀናት ይጨምራል። ብዙ ጥሰቶች የሚመነጩት ከማጭበርበር ሳይሆን ከዚህ ስሌት ስሕተት ነው።

ኃላፊነትና ቅጣት

በፌዴሬሽኑ ደንብ ለፈረሱ ኃላፊ የሚባለው በመሠረቱ ጋላቢው ነው። በፈረሱ ውስጥ የተከለከለ ነገር ከተገኘ፣ ማን እንደሰጠውና ለምን እንደሰጠው ሳይጠየቅ ጥሰቱ ተፈጽሟል። ፈረሱና ጋላቢው ከውድድሩ ይሰረዛሉ፤ ሜዳሊያና የሽልማት ገንዘብም ይመለሳል። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚመጣው የእገዳው ርዝመት ሲወሰን ነው። ለታገደ ንጥረ ነገር መነሻው የ2 ዓመት እገዳ ሲሆን ለቁጥጥር መድኃኒት 6 ወር ነው። አሰልጣኞች፣ ሐኪሞችና ፈረስ ተንከባካቢዎችም ሊቀጡ ይችላሉ። የመጨረሻው ይግባኝ የሚቀርበው በሎዛን ለሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ነው።

ታዋቂ ጉዳዮች

አቴንስ 2004። የአየርላንዱ ኪያን ኦኮነር ዋተርፎርድ ክሪስታል በተባለ ፈረስ በግል ዝላይ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በፈረሱ ናሙና ውስጥ ግን ለሰው የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ፍሉፌናዚንና ዙክሎፔንቲክሶል ተገኙ። «ለ» የሽንት ናሙናው ወደ እንግሊዝ ላቦራቶሪ ሲጓጓዝ ተሰረቀ። የደም ናሙናው ስለነበረ ግን ጉዳዩ አልቆመም። በ2005 የፌዴሬሽኑ የፍርድ ኮሚቴ ጋላቢው ሆን ብሎ የፈረሱን ብቃት ለመለወጥ አልሞከረም ብሎ ቢያምንም ወርቁን ነጠቀው። ሜዳሊያው ለብራዚሉ ሮድሪጎ ፔሶዋ ተሰጠ። በዚያው ኦሊምፒክ ጎልድፊቨር በተባለው የጀርመኑ የሉድገር ቤርባም ፈረስ ውስጥ ቤታሜታዞን ተገኘ። መድኃኒቱ የመጣው ለቆዳ ሕመም ከተቀባ ቅባት ነበር። ጀርመን የቡድን ወርቋን አጥታ ወርቁ ለአሜሪካ ሄደ።

ሆንግ ኮንግ 2008። የቤጂንግ ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድሮች የተካሄዱት በሆንግ ኮንግ ነበር። በአራት የዝላይ ፈረሶች ናሙና ውስጥ ካፕሳይሲን ተገኘ። ይህ በርበሬንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። ካፕሳይሲን በቆዳ ላይ ሲቀባ መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ሲደጋገም ደግሞ ሕመምን ያደነዝዛል። ስለዚህ ለሁለት ተቃራኒ ዓላማዎች ሊውል ይችላል። ከአራቱ አንዱ ካሚሮ የተባለው የኖርዌይ ፈረስ ስለነበር ኖርዌይ የቡድን ነሐሷን አጥታ ሜዳሊያው ለስዊዘርላንድ ተሰጠ። ከአራት ዓመት በፊት በሌላው ጥፋት ወርቅ የደረሰው ሮድሪጎ ፔሶዋም በዚህ ኦሊምፒክ በፈረሱ ሩፉስ ውስጥ ከካፕሳይሲን ጋር ተመሳሳይ የሆነ ኖኒቫሚድ በመገኘቱ ተሰረዘ። ከዚህ በኋላ ፌዴሬሽኑ ደንቡን በአዲስ መልክ አዘጋጅቶ ከ2010 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ።

ጎዶልፊን 2013። የዱባይ ገዥ በሆኑት በሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም የተቋቋመው የጎዶልፊን ማሠልጠኛ በእንግሊዝ፣ ኒውማርኬት ይገኛል። በዚያ ይሠራ የነበረው አሰልጣኝ ማሕሙድ አል ዛሩኒ ለፈረሶች አናቦሊክ ስቴሮይድ በመስጠቱ ለ8 ዓመት ታገደ።

ኬንታኪ 2021። የኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈው ሜዲና ስፒሪት በአንድ ሚሊሊትር ደሙ ውስጥ 21 ፒኮግራም ቤታሜታዞን ተገኘበት። አንድ ፒኮግራም ማለት አንድ ግራም ለሺህ ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው። የአሰልጣኙ ወገን መድኃኒቱ የመጣው ከቆዳ ቅባት ነው ብሎ ተከራከረ። ፈረሱ በታኅሣሥ 2021 በልምምድ ላይ ሞተ፤ በየካቲት 2022 ደግሞ ድሉ ተሰርዞ ማንዳሉን አሸናፊ ተባለ።

ብክለት

መሣሪያዎቹ ይህን ያህል ጥቃቅን መጠን ማየት መቻላቸው ሌላ ችግር ወልዷል። ማንም ሳይሰጠው ፈረሱ የተከለከለ ነገር ሊበላ ይችላል። በ2014 በአስኮት ጎልድ ካፕ ሁለተኛ የወጣችው የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባዝራ ኤስቲሜት ሞርፊን ተገኘባት። ምንጩ የተበከለ መኖ ነበር፤ ውጤቷ ግን ተሰረዘ። የካካዎ ተረፈ ምርት የተቀላቀለበት መኖ ካፌይንና ቴዮብሮሚን ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጋጡ ገለባ ላይ ቢሸናና ፈረሱ ገለባውን ቢበላ መድኃኒቱ ወደ ፈረሱ ሊተላለፍ ይችላል። ከዚህ የተነሳ በጋጥ ውስጥ መሽናት የተከለከለ ነው፤ መድኃኒት የነካ እጅም ሳይታጠብ መኖ መንካት የለበትም።

በብክለት የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለውን ንጥረ ነገሮች ፌዴሬሽኑ በዝርዝሩ ላይ ለይቶ ያስቀምጣል። በእነዚህ ላይ ጋላቢው ምንጩን ማስረዳት ከቻለ እገዳው ሊቀንስለት ይችላል።

የጋላቢው ምርመራ

የጋላቢው ጥፋትም ቡድኑን ይዞ ሊወድቅ ይችላል። በ2019 በሊማ በተካሄደው የፓን አሜሪካ ውድድር አንዲት የካናዳ ጋላቢ የኮኬይን ቅሪት ተገኘባት። ጋላቢዋ የጠጣችው የኮካ ቅጠል ሻይ እንደሆነ ብትገልጽም የቡድኑ ውጤት ተለውጦ ካናዳ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ያገኘችውን የቡድን ቦታ አጣች። ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ ጫት ነው። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲን በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ በውድድር ጊዜ በዋዳ ደንብ የተከለከለ ነው።

ያልተቋጨው ክርክር

የአሁኑ ደንብ ተቺዎች እንደሚሉት፣ በፒኮግራም የሚለካ ቅሪት የፈረሱን ብቃት ሊለውጥ ስለማይችል እንደ ማጭበርበር መቆጠር የለበትም፤ ለሁሉም መድኃኒት የመጠን ወሰን ሊቀመጥ ይገባል። ደጋፊዎቹ ደግሞ ወሰን ማስቀመጥ ወሰኑ ሥር ሆኖ መድኃኒት ለመስጠት በር ይከፍታል ይላሉ። ዛሬ የሚታየው ጥቂት ቅሪት ከቀናት በፊት የተሰጠ ብዙ መድኃኒት ትራፊ ሊሆን እንደሚችልም ያስታውሳሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነጥብ ግን አለ። ሰው አትሌት ቢከሰስ ቀርቦ ይከራከራል፤ ይመሰክራል፤ ራሱንም ይከላከላል። ፈረስ ይህ ዕድል የለውም። ስለ እሱ የሚናገረው በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሽንቱና ደሙ ብቻ ነው፤ ያ ጠርሙስ በጥንቃቄ የሚያዘውም ለዚህ ነው።